ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል የሚጀምር ንግግር፤ የሳንታ ፌ ኢንስቲትዩት የሕዝብ መድረክ ሲመዘን

በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት የሚገኘው ሳንታ ፌ ኢንስቲትዩት ለሕዝብ የሚያዘጋጃቸው ንግግሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት በእነርሱ አቆጣጠር ምሽት 7:30 ላይ ነው። ይህ ሰዓት አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ በሚመልሱባቸው ወራት ደግሞ 11 ሰዓት ተኩል። ጥቂቶቹን ሌሊት ተነሥቼ በቀጥታ ሥርጭት፣ የቀሩትን ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ዩቲዩብ ላይ ከተቀመጠው ቅጂ ተከታትያለሁ። ከጓደኞቼ አንዱ ሲቪል መሐንዲስ ነው፤ ሁለተኛዋ ባንክ ውስጥ በብድር ክፍል ትሠራለች። አዳራሹ ውስጥ ተቀምጬ ስለማላውቅ እዚህ የምመዝነው በስክሪን በኩል የሚደርሰንን ብቻ ነው።

ኢንስቲትዩቱ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሆን (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ ከመሥራቾቹ አብዛኞቹ ብዙም በማይርቀው የሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ ያገለገሉ ሳይንቲስቶች ነበሩ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ኬሚስቱ ጆርጅ ካወን ከእነርሱ አንዱ ናቸው፤ በ1969 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት መሬይ ጌል-ማንም ከመሥራቾቹ ይቆጠራሉ። የሚያጠኑት ውስብስብ ሥርዓቶች የሚባሉትን ነው፤ ማለትም እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ቀላል ደንብ ይዞ ሲንቀሳቀስ፣ አንዱን ክፍል ለብቻው በመመርመር የማይታይ ጠባይ በድምሩ ላይ የሚገለጥባቸውን ነገሮች፤ የጉንዳን መንጋን፣ ገበያን፣ ከተማን፣ የሰውነትን በሽታ መከላከያ። ተቋሙ እንደ ዩኒቨርሲቲ በትምህርት ክፍሎች አልተከፋፈለም፤ የዕድሜ ልክ መምህርነት የሚሰጥበት ሥርዓትም የለውም። ከተመራማሪዎቹ የሚበዙት ቋሚ ወንበራቸው ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ለቀናት ወይም ለሳምንታት የሚመጡ ናቸው። በዚህ ምክንያት ለሌላ ተቋም የጎን ሥራ የሆነው ጉባኤና ንግግር እዚህ ዋናው ሥራ ነው ማለት ይቻላል፤ መመዘኛውንም ከፍ አድርጌ የያዝኩት ስለዚህ ነው።

የሕዝብ ንግግሮቹ የሚካሄዱት ከተማው መሐል በሚገኘው ሌንሲክ በተባለ ቲያትር ቤት ሲሆን፣ ቤቱ በ1931 ለሲኒማና ለመድረክ ትርኢት የተሠራና ከ800 በላይ መቀመጫ ያለው ነው። ስሙ የተገኘው ከባለቤቱ የልጅ ልጆች ስም የመጀመሪያ ፊደላት መሆኑን ሳነብ ለቤቱ ያለኝ ፍቅር ጨመረ። መግቢያው ነጻ ነው፤ ይሁን እንጂ ቦታ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። ከመደበኞቹ ንግግሮች ሌላ በሒሳብ ሊቁ በስታኒስላው ኡላም መታሰቢያ የሚሰጥ ተከታታይ ንግግርም አለ፤ አንድ ሰው ከአንድ ምሽት በላይ መድረኩን ይዞ ሐሳቡን ረጋ ብሎ እንዲዘረጋ ስለሚያስችል እኔ የምመርጠው ይህንኛውን ዓይነት ነው።

የዚህ ተቋም ሰዎች በጣም የሚያምርባቸው ከንድፈ ሐሳብ ሳይሆን ከአንዲት ትንሽ እንቆቅልሽ ሲጀምሩ ነው። ምሳሌ የሚሆነኝ ምጣኔ ሀብት ምሁሩ ብራያን አርተር በ1994 ያሳተሙት የኤል ፋሮል ጥያቄ ነው። ኤል ፋሮል ሳንታ ፌ ውስጥ ካንየን በተባለው መንገድ ላይ የሚገኝ መጠጥ ቤት ነው፤ ኢንስቲትዩቱም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተከራይቶ ይሠራ የነበረው በዚያው መንገድ ላይ በነበረ የመነኮሳይያት መኖሪያ ውስጥ ነበር። ጥያቄው እንዲህ ነው። ሐሙስ ማታ ሙዚቃ አለ፤ መሄድ የሚፈልጉት 100 ሰዎች ናቸው፤ ከ60 በታች ሰው ከመጣ ምሽቱ ያስደስታል፣ ከ60 በላይ ከሆነ ግን ቤቱ ተጨናንቆ ቤት መቅረት ይሻላል። ሰዎቹ አይመካከሩም። ሁሉም በአንድ ዓይነት ሒሳብ «ዛሬ ጥቂት ሰው ነው የሚመጣው» ብለው ከገመቱ ሁሉም ይሄዱና ግምቱ ይከሽፋል፤ «ዛሬ ይጨናነቃል» ካሉም ሁሉም ይቀሩና ቤቱ ባዶውን ያድራል። ትክክለኛ የሚባል አንድ ግምት ሊኖር አይችልም፤ ምክንያቱም ሁሉም ሲይዘው ራሱን ያፈርሳል። አርተር ግን ለእያንዳንዱ ሰው የተለያዩ የግምት ዘዴዎችን ሰጥተው፣ ሰዎቹም በየሳምንቱ የተሻለ የሠራላቸውን ዘዴ እንዲከተሉ አድርገው በኮምፒውተር ሲያስኬዱት፣ ማንም ሳያዘው የታዳሚው ቁጥር 60 አካባቢ እየዋዠቀ ተገኘ።

ባንክ የምትሠራው ጓደኛችን ይህን እንደ ሰማች ቪዲዮውን አስቁማ «ጠዋት ጠዋት ቀለበት መንገዱ ዝግ ነው ብለን ሁላችንም ውስጥ ለውስጥ እየገባን እዚያ የምንቆመውስ?» አለች። ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ወደ ቪዲዮው አልተመለስንም። በእኔ ግምት የአንድ የሕዝብ ንግግር ጥራት ከሚለካባቸው ነገሮች ዋናው ይህ ነው፤ በቂ ነገር ሰጥቶ፣ ሰሚው የቀረውን በራሱ እንዲሠራው የሚያደርግ መሆኑ።

ከሁሉም ይልቅ ብዙ ያነጋገረን ግን ጄፍሪ ዌስት ስለ መጠንና ዕድገት የሚናገሩት ነው። ዌስት በሙያቸው ፊዚሲስት ሲሆኑ ከ2005 እስከ 2009 ኢንስቲትዩቱን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። መነሻቸው ማክስ ክላይበር በ1932 የደረሰበት ግኝት ነው፤ የአንዱ እንስሳ ክብደት የሌላው እጥፍ ቢሆን በዕረፍት ጊዜ የሚያስፈልገው ኃይል እጥፍ አይሆንም፣ 68 በመቶ ገደማ ብቻ ይጨምራል። አይጥም ዝሆንም በዕድሜ ዘመናቸው ልባቸው የሚመታው በተቀራራቢ ቁጥር፣ ወደ አንድ ቢሊዮን ተኩል ጊዜ ነው ሲሉ፣ አንዷ በጥድፊያ ሌላው ቀስ ብሎ ያንኑ ቁጥር እንደሚጨርሱ ማሰቡ ብቻ ከሌሊት እንቅልፍ ያስነሣል። ቀጥለው ወደ ከተማ ይሻገራሉ። ከሉዊስ ቤተንኮርትና ከሌሎች ጋር በ2007 ባሳተሙት ጥናት መሠረት፣ የከተማ ሕዝብ ሲያድግ ደመወዝ፣ የፈጠራ ባለቤትነት ምዝገባ፣ ወንጀልም ሳይቀር ከሕዝቡ ቁጥር ቀድመው ያድጋሉ፤ የነዳጅ ማደያ ብዛትና የኤሌክትሪክ ገመድ ርዝመት ግን ከሕዝቡ ወደ ኋላ ይቀራሉ። የመጀመሪያዎቹ የሚያድጉበት ኤክስፖነንት (አርቢ፤ ማለትም የሕዝቡ ቁጥር ከፍ የሚደረግበት ቁጥር) 1.15፣ የሁለተኛዎቹ 0.85 ገደማ ተብሎ ይጠጋጋል።

መሐንዲሱ ጓደኛችን እዚህ ላይ ካልኩሌተር አወጣ። ይህ ግኝት በሕዝብ ፊት ሲነገር ብዙውን ጊዜ «ከተማው እጥፍ ሲሆን የነፍስ ወከፉ 15 በመቶ ይጨምራል» ተብሎ ነው። ነገር ግን 2 በ1.15 ከፍ ሲል 2.22 ይሆናል፤ ይህንን በእጥፉ ሕዝብ ስናካፍለው የነፍስ ወከፍ ጭማሪው 11 በመቶ ገደማ እንጂ 15 አይደለም። በ0.85 የሚገኘውም ቁጠባ ወደ 10 በመቶ ይወርዳል። ልዩነቱ ዋናውን ሐሳብ አያፈርሰውም፤ ቢሆንም ስለ ትክክለኛ ቁጥር በሚናገር መድረክ ላይ ኤክስፖነንትን እንደ መቶኛ ማንበብ ለሰሚው የሚደረግ ቸርነት አይመስለኝም፤ አንድ ተጨማሪ ደቂቃ ማብራሪያውን ይችለው ነበር።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ስለ ግራፎቹ ነው። ነጥቦቹ በሙሉ በአንድ ቀጥተኛ መስመር ላይ የተደረደሩ ይመስላሉ፤ የሚመስሉትም ሁለቱም ዘንጎች በሎጋሪዝም ስለሚሰፈሩ፣ ማለትም ከ10 እስከ 100 ያለው ርቀት ከ100 እስከ 1,000 ካለው ጋር እኩል ስለሚሣል ነው። አንድ ቅዳሜ ቪዲዮውን አስቁመን የልጄን የትምህርት ቤት ማስመሪያ ቴሌቪዥኑ ላይ ለጠፍን። በእኛ ስክሪን አንዱ የአሥር እጥፍ ደረጃ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር፤ በዚህ ስፍር ከመስመሩ አንድ ሳንቲ ተኩል ከፍ ያለች ነጥብ መስመሩ ከሚተነብየው እጥፍ ሆና ትገኛለች። በዐይን ሲታይ ግን ከመስመሩ ጥቂት ፈቀቅ ያለች ትመስላለች። ከዚያ ወዲህ ማስመሪያው ከሪሞቱ አጠገብ ነው የሚቀመጠው።

ጓደኛዬ ያነሣው ሌላው ጥያቄ ይበልጥ ከባድ ነው፤ ከተማ የሚባለው የት ይጀምራል፣ የትስ ያበቃል? አዲስ አበባን እንለካ ብንል ቡራዩ፣ ሰበታ ወይም ለገጣፎ አድሮ ቀን አዲስ አበባ የሚሠራው ሰው ከየትኛው ይቆጠራል? ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። ኤልሳ አርካውቴና ባልደረቦቿ በ2015 የእንግሊዝንና የዌልስን ከተሞች ወሰን በተለያየ መንገድ እያሰመሩ ሲለኩ፣ ኤክስፖነንቱ ከወሰኑ ጋር አብሮ እንደሚለዋወጥ አሳይተዋል። እንዲህ ያለው ክርክር በንግግሩ ማብቂያ ላይ በአንድ ዐረፍተ ነገር ከሚታለፍ ይልቅ መሐሉ ላይ ቢቀመጥ ንግግሩ ይደምቅ ነበር እንጂ አይደበዝዝም። ውስብስብነት የተባለውን መስክ ከሚገባው በላይ ቃል ገብቷል ብለው የተቹት ሰዎች ከ1990ዎቹ ጀምሮ ነበሩ፤ ለእነርሱ የተሻለው መልስም ይህ ይመስለኛል።

ለሕዝብ ክፍት ያልሆነውን ክፍል ሳስብ የሚቆጨኝ ነገር አለ። የኢንስቲትዩቱ ስም የገነነው በአዳራሽ ንግግር ሳይሆን ጥቂት ሰዎች ተጋብዘው ለቀናት በሚከራከሩባቸው የሥራ ቡድኖችና ዐውደ ጥናቶች ነው። በመስከረም 1987 የተደረገው የምጣኔ ሀብት ጉባኤ ዛሬም ይወሳል፤ ኬኔት አሮው ምጣኔ ሀብት ምሁራኑን፣ ፊሊፕ አንደርሰን ደግሞ የተፈጥሮ ሳይንስ ሰዎቹን መርጠው አመጡ፤ ሁለቱም የኖቤል ተሸላሚዎች ነበሩ። ፊዚሲስቶቹ የምጣኔ ሀብት ሰዎቹ ሒሳብ መርቀቁ ሲያስገርማቸው፣ ሒሳቡ የቆመበት ሰው ሁሉንም ዐዋቂ ሆኖ መቅረቡ ይበልጥ አስገረማቸው። እንዲህ ያለውን ግጭት እኛ የምናገኘው ከዓመታት በኋላ፣ ተዋዝቶ፣ በአንድ ተናጋሪ አፍ ነው። ወጡ ጣፋጭ ነው፤ ሽንኩርቱ ሲቁላላ ግን አላየንም። ሁለት የማይስማሙ ተመራማሪዎች እዚያው ሌንሲክ መድረክ ላይ አንድ ምሽት ሙሉ ሲሟገቱ ለማየት ከሌሊቱ 8 ሰዓትም ቢሆን እነሣ ነበር።

የጥያቄው ጊዜ ይህንን ጉድለት በከፊል ይሞላዋል። ተናጋሪው ከተዘጋጀው ስላይድ ወጥቶ ማሰብ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው፤ «ይህንን አላውቅም» የሚለውንም መልስ የምንሰማው እዚያው ነው። ስለዚህ ንግግሩ እንዳለቀ መዝጋት ትልቅ ስሕተት ነው።

ከንግግሮቹ ሌላ በነጻ የሚገኙት ነገሮች ጥቂት አይደሉም። ኮምፕሌክሲቲ ኤክስፕሎረር በተባለው የኢንተርኔት ትምህርት ቤታቸው የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቋ ሜላኒ ሚቼል የምታስተምረው የመግቢያ ኮርስ አለ፤ ፊት ለፊት ተቀምጣ የምታስረዳ ያህል ግልጽ በመሆኑ ከንግግሮቹ በፊት እርሱን መጀመር ይሻላል። ፖድካስታቸው ታክሲ ውስጥ ለመስማት ይመቻል። ከ1988 ጀምሮ የሚሰጠው የክረምት ትምህርታቸው ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና ለጀማሪ ተመራማሪዎች የታሰበ ስለሆነ እንደ እኔ ላለ ሰው አይደለም።

ለአማርኛ ተናጋሪ የሚቀረው ችግር ቋንቋው ነው፤ ፈጠን ያለ እንግሊዝኛ የሚከብደው ሰው ቪዲዮውን በ0.75 ፍጥነት ቢያስኬደው አብዛኛው ይገባዋል፤ የዳታ ጥቅሉን መቆጠብ የሚፈልግም ድምፁን ሳይነካ የምስሉን ጥራት ዝቅ ማድረግ ይችላል። ጽሑፎቹ ደብዘዝ ስለሚሉ ግን ግራፍ በወጣ ቁጥር ከፍ አድርጎ መመልከት ነው። ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻለሁ፤ መሐንዲሱ ጓደኛዬ በ15 በመቶዋ ምክንያት ሦስት ተኩል ላይ ጸንቷል።