በቱሉ ዲምቱ አንድ የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ ለጡት ካንሰር ታካሚዎች የሚሰጠው አገልግሎት

ታላቅ እህቴ የጡት ካንሰር ሕክምናዋን ከጨረሰች በኋላ ክንዷ በማበጡ የምንመላለስበት ክሊኒክ የሚገኘው አዲስ አበባ ውስጥ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በተሠራ ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስሙን ትቼ ስለ አገልግሎቱ ብቻ እጽፋለሁ።

በቀዶ ሕክምና የብብት ንፍፊቶች ሲወጡ ወይም ብብት ጨረር ሲያገኘው፣ ከክንድ ወደ ላይ ይመለስ የነበረው ፈሳሽ መሄጃ ያጣና ክንዱ ያብጣል። እብጠቱ ሕክምናው ካበቃ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ሊጀምር ስለሚችል፣ ካንሰሩ የተመለሰባቸው መስሏቸው የሚደነግጡ ሴቶች አሉ፤ ወጌሻ ዘንድ ሄደው በኃይል የሚታሹም አይጠፉም። እዚህ ክሊኒክ ግን ሥራው የሚጀምረው በመለካት ነው። ባለሙያዋ ከእጅ አንጓ ጀምራ እስከ ብብት ድረስ በእኩል ርቀት በእስክሪብቶ ምልክት ታደርግና ሁለቱንም ክንዶች በሜትር እየለካች ታነጻጽራለች፤ 2 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ልዩነት በተለምዶ እንደ እብጠት ይቆጠራል። ልኬቱ በየቀጠሮው በካርዱ ላይ ስለሚጻፍ፣ መሻሻል መኖሩ በግምት ሳይሆን በቁጥር ይታወቃል።

ከልኬቱ በኋላ ባለሙያዋ ክንዱን ታሻለች፤ እሽታው ቆዳን ብቻ ሳብ የሚያደርግ እጅግ ለስላሳ በመሆኑ እህቴ መጀመሪያ ላይ «በቃ፣ ይኸው ነው?» ማለቷ አልቀረም። ከእሽታው በኋላ ክንዱ በፋሻ በድርብርብ ይጠቀለላል፤ ቀጥሎም መዳፍን መጨበጥና መዘርጋት፣ ጣቶችን በግድግዳ ላይ እያስኬዱ እጅን ወደ ላይ ማንሳትና የመሳሰሉት እንቅስቃሴዎች ይሠራሉ። ምክሩም የእኛን ኑሮ የሚያውቅ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት በዚህ ሰፈር ጄሪካን ይዞ ደረጃ መውጣት የዘወትር ሥራ በመሆኑ፣ «ከእንግዲህ ምንም አታንሺ» የሚለው የቀድሞ ማስጠንቀቂያ ብዙም ሊሠራ አይችልም፤ ምርምሮችም በባለሙያ ክትትል ክብደትን ቀስ በቀስ መጨመር እብጠቱን እንደማያባብስ አሳይተዋል። ስለዚህ እህቴ በግማሽ ሊትር የውኃ ፕላስቲክ ጀመረች። እንጀራ ስትጋግር ምጣዱ እንዳያቃጥላት፣ ሽንኩርት ስትከትፍ ቢላው እንዳይቆርጣት መጠንቀቅ እንዳለባትም በሚገባ ተነግሯታል፤ ባበጠ ክንድ ላይ ትንሽ ቁስል እንኳ በቀላሉ ኢንፌክሽን ያስከትላልና።

አንድ ቀን ክንዷ ቀልቶና ተኩሶ ስንሄድ ባለሙያዋ ለማሸት ፈቃደኛ አልሆነችም። «እትዬ፣ ዛሬስ አይታሽም፤ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል አሁኑኑ ሆስፒታል ይሂዱ» ብላ ሪፈር ጻፈችልን፤ ገንዘብም አልተቀበለችም። በግል ክሊኒክ እንዲህ ያለ ነገር ዘወትር የሚያጋጥም አይደለም።

ክሊኒኩን ከሌሎች የሚለየው ትልቁ ነገር ግን ክንድን ብቻ አለማየቱ ነው። የአውሮፓ የካንሰር ምርምርና ሕክምና ድርጅት ያዘጋጃቸውን ሁለት መጠይቆች በአማርኛ ይጠቀማል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ፣ ለማንኛውም የካንሰር ታካሚ የሚሆን ባለ 30 ጥያቄ ሲሆን፣ ሁለተኛው የጡት ካንሰርን ብቻ የሚመለከት ባለ 23 ጥያቄ ነው። ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የምግብ ፍላጎት፣ የገንዘብ ችግር፣ በሰውነት ማፈር፣ ክንድን ማንሳት አለመቻል፣ ሁሉም ከ1 እስከ 4 ባለው ቁጥር ይመለሳሉ። ሐኪም በጠየቃት ቁጥር «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ የምታልፈው እህቴ፣ ቁጥር ምረጪ ስትባል ለድካሙ 4 አለች። ተኝተው ቢነሱም የማይለቅ ድካም በካንሰር ታካሚዎች ዘንድ የታወቀ ምልክት መሆኑንና ቀላል የእግር ጉዞ እንደሚያግዝ የሰማነው ያን ዕለት ነው። ሌሊት ጋቢዋን የሚያስወረውራት ሙቀትም ታሞክሲፌን ከተባለው የሆርሞን ሕክምና መድኃኒቷ ጋር የተያያዘ ሊሆን እንደሚችል ተነገራት። ይህ በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ለ5 ዓመት፣ ለአንዳንዶችም እስከ 10 ዓመት የሚወሰድ መድኃኒት ስለሆነ፣ ከሐኪሟ ሳትማከር በራሷ እንዳታቋርጠው ባለሙያዋ አጥብቃ አስጠነቀቀቻት። ፓክሊታክሰል የተባለው የኬሞቴራፒ መድኃኒት የሚያስከትለው የእግርና የእጅ መደንዘዝ በእነዚህ ጥያቄዎች ውስጥ ባይኖርም፣ ባለሙያዋ ራሷ ጨምራ ጠየቀች፤ እህቴም ነጠላ ጫማዋ ከእግሯ ሲወልቅ እንደማይታወቃት ተናገረች። እኔ እንኳ አብሬያት እየኖርኩ አልሰማሁትም ነበር።

ትልቁ ቅሬታዬም የሚነሳው ከዚሁ መጠይቅ ነው። ጥያቄዎቹ ጮክ ተብለው የሚነበቡት በመጋረጃ ብቻ በተከፈለ ክፍል ውስጥ ነው፤ ከመጋረጃው ወዲያ ሌላ ታካሚ ተኝታለች፣ አስታማሚውንም ወጣ በሉ የሚል የለም። ሁለተኛው መጠይቅ ግን ስለ ግብረ ሥጋ ግንኙነት ጭምር ይጠይቃል። እዚያ ላይ ሲደረስ እህቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ ለሁሉም አንድ ዓይነት ቁጥር ሰጠች፤ ባለሙያዋም መዝግባ አለፈች። የብልት ድርቀትም ሆነ የፍላጎት መቀነስ ከሆርሞን ሕክምና ጋር የሚመጣና መላ ያለው ችግር ሆኖ ሳለ፣ በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ የተሰጠ መልስ ከካርድ ማሟያ አያልፍም። ማንበብ ለምትችል ታካሚ ወረቀቱን ሰጥቶ ብቻዋን እንድትሞላ መተው ምንም ወጪ የለውም፤ ለማትችለውም በር ያለው አንድ ክፍል በቂ ነው።

ሌሎቹ ጉድለቶች ከዚህ ያነሱ ናቸው። ሊፍት የለም፤ ዋጋ በግልጽ አልተለጠፈም፤ የጠዋት ቀጠሮ ከሰዓት ሊዘልቅ ይችላል። እንግዳ ተቀባይዋ ግን ትሑት ናት።

በአጠቃላይ ለክንድ እብጠት ከቃሊቲ፣ ከኮዬ ፈጬና ከገላን ለሚመጡ ታካሚዎች መሃል ከተማ ከመንገላታት ይህን ክሊኒክ እመርጥላቸዋለሁ፤ መጠይቁን ግን ለብቻቸው እንዲሞሉ አስቀድመው ይጠይቁ። ከፋሻው በኋላ ቀን ቀን የሚለበሰው፣ ክንዱን ጠበቅ አድርጎ የሚይዘው እጅጌ በልክ ካልሆነ ይባስ ሊጎዳ ይችላል፤ እዚያ ያለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ መካከለኛው መጠን ብቻ ስለሆነ፣ ለእሱ ብቻ የሚሄድ ሰው ልኩ መኖሩን በስልክ ሳያረጋግጥ ከቤቱ ባይነሳ ይሻላል።