የራሴን ካርብሬተር አጥበው እንደ አዲስ ሸጡልኝ

ይህን የምጽፈው ዛሬ ጠዋት ከአንድ ጋራዥ በር ላይ ተሰድቤ ከተመለስኩ በኋላ ነው። እጄ እስካሁን ቤንዚን ይሸታል። ከኢንጄክሽን ወደ ካርብሬተር የተቀየረች አሮጌ መኪና የምትነዱ ሁሉ እባካችሁ አንብቡት።

መኪናዬ የ1993 ኮሮላ ናት። ከፋብሪካ ስትወጣ ኢንጄክሽን፣ ማለትም ቤንዚኑን በኮምፒውተር እየለካች የምትረጭ፣ ነበረች፤ ከእኔ በፊት የነበሩት ባለቤት ኮምፒውተሯ ሲበላሽባቸው ቤንዚንና አየር ያለ ኮምፒውተር የሚቀላቅል ካርብሬተር አስገጠሙላት። ስድስት ዓመት ያለ ችግር ነዳኋት። ባለፉት ሦስት ሳምንታት ግን ዳገት ላይ መታፈን ጀመረች። ሜዳ ላይ ደህና ናት፤ ዳገት ስትይዝ ቤንዚን እንዳጠራት ሁሉ ትደነቃቀፋለች። የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ያለንን ጠግነን ከመንዳት ሌላ ምን አማራጭ አለን? እነሱም ይህን አሳምረው ያውቃሉ።

ሰው የጠቆመኝ ጋራዥ ሄድኩ። ስም አልጠራም፤ ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ አለቃ፣ በቱታ የሚሯሯጡ ልጆች፣ ገና ከመቀመጣችሁ "ቡና ይምጣልዎት"። ኮፈኑን ከፍተው ሁለት ደቂቃ እንኳን አላዩትም። "እናቴ፣ ካርብሬተሩ አልቆለታል፤ የቤንዚን ፓምፑም ደክሟል" አለኝ አለቃው። ወዲያው ከመደርደሪያ ላይ ካርቶን አወረደ። በላስቲክ የተጠቀለለ፣ የሚያብለጨልጭ ካርብሬተር ነበረበት። "ኦሪጅናል ጃፓን ነው፤ የቀረችኝ አንዷ ናት፤ ለእርስዎ ትሁን።" ካርብሬተሩ 32 ሺህ፣ ፓምፑ 9 ሺህ፣ የእጅ ዋጋ 6 ሺህ። በአጠቃላይ 47 ሺህ ብር።

ደረሰኝ ጠየቅኩ። "በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ ቫት ይጨመርብዎታል፤ ለምን ይጎዳሉ?" አለኝ። እሺ አልኩ። ሌሊቱን እንቅልፍ የነሳኝ ይህ "እሺ" ነው። ብሩን ያስገባሁበት አካውንት እንኳን የጋራዡ አልነበረም፤ የአንድ የማላውቀው ሰው ነው። ሥራው ሳይጀመር ሙሉውን ከፍዬ፣ መኪናዬን አሳድሬ፣ አመስግኜ ወጣሁ።

ትናንት አመሻሽ ላይ ስረከባት አነሳሷ ደህና ነበር። ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለች ስል "አዲስ ዕቃ ስለሆነ ነው፤ ሲላመድ ይጠፋል" አሉኝ። ሳሪስ አቦ ሳልደርስ ጥቁር ጭስ መትፋት ጀመረች፤ ከዚያ ጠፋች። ቁልፉን ደጋግሜ ስሞክር ከኋላዬ የቆመ የታክሲ ሾፌር "ተይው! ተይው! አጥፊው!" እያለ እየሮጠ መጣ። ኮፈኑን ሲከፍተው ቤንዚኑ ከካርብሬተሩ ሞልቶ በጋለው ሞተር ላይ ይወርድ ነበር። አንድ የእሳት ፍንጣሪ ብቻ ይበቃ ነበር። ልጄ ከኋላ ተቀምጣለች።

የሰፈራችን መካኒክ ደውዬለት መጣ። ጋሼ ነው የምለው፤ በዕድሜ የገፋ፣ ቃል የማያበዛ ሰው ነው። የአየር ፊልትሮውን ቤት አንስቶ ባትሪ አበራበት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ "ነይ እስቲ፣ ይህችን ታውቂያታለሽ?" አለኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት የካርብሬተሬን ክዳን ከሚያስሩት ብሎኖች የአንዱ ራስ ተበልቶ አልፈታ ብሎ ነበር። ያን ጊዜ ጋሼ አውጥቶ በቦታው በ8 ቁልፍ የሚፈታ ብሎን ተካበት። ሌሎቹ በካቻቢቴ የሚፈቱ ናቸው። አጠገቡ ቆሜ ባትሪ ያበራሁለት እኔ ራሴ ነበርኩ። አሁን "አዲስ ኦሪጅናል ጃፓን" በተባለው ካርብሬተር ላይ፣ በዚያው ማዕዘን፣ ያችው ብሎን ቁጭ ብላለች። ጋሼ ጎኑን በጥፍሩ ሲፍቀው ብርማ ቀለም ጣቱ ላይ ቀረ፤ ከሥሩ የድሮው ጥቁረት ብቅ አለ። አጥበውት፣ ቀለም ነፍተውበት፣ መልሰው አሰሩት። ካርቶኑ ውስጥ ያየሁት ዕቃ ወደ መደርደሪያው ተመልሶ ሌላ ሰው እየጠበቀ ይሆናል። ጉልበቴ ከዳኝና መንገዱ ዳር ተቀመጥኩ።

ፓምፑ ደግሞ ይብሳል። የእኔ ፓምፕ ለካርብሬተር የሚሆን፣ ግፊቱ ዝቅተኛ የሆነ ነበር። እሱን አውጥተው ከሌላ መኪና የተፈታ የኢንጄክሽን ፓምፕ አስገቡበት። ጋሼ እንዳስረዳኝ፣ ካርብሬተር የሚፈልገው ግፊት ከ0.2 እስከ 0.3 ባር ነው (ባር የግፊት መለኪያ ነው)፤ የኢንጄክሽን ፓምፕ ግን እስከ 3 ባር ይገፋል። አሥር እጥፍ ማለት ነው። ቤንዚኑ ልኩ ሲደርስ መዝጋት ያለባት መርፌ ይህን ግፊት አትችለውም፤ ስለዚህ ሞልቶ ይፈስሳል፣ ወደ ሞተሩ ገብቶም ዘይቱን ያቀጥናል። የፓምፑን የኤሌክትሪክ ገመድም በቀጥታ ከመኪናው ቁልፍ ጋር አገናኝተውታል፤ ሞተሩ ቢጠፋም ቁልፉ እስካልተዘጋ ድረስ ፓምፑ ቤንዚን ይረጫል። ያን ሁሉ ጊዜ ቁልፉን ስሞክር እሳት ስጋብዝ ነበር።

ዳገት ላይ ያስቸግራት የነበረውስ? የቤንዚን ፊልትሮው ነበር። ከሰልባትዮው፣ ከቤንዚን ታንከሩ፣ የመጣ ዝገት ደፍኖታል። ጋሼ አውጥቶ ሲያራግፈው ቡናማ ውኃ መሰለ። በጥቂት መቶ ብር የሚገዛ ዕቃ ነው። 47 ሺህ ብር ተቀብለው እሱን እንኳን አልነኩትም።

ዛሬ ጠዋት ብሎኗን ፎቶ አንስቼ ሄድኩ። "እርስዎ" ቀርቷል፤ "አንቺ" ሆኛለሁ። "ብሎን ሁሉ ብሎን ነው። ካርብሬተር የት ታውቂያለሽ? ባልሽን ላኪው፣ ከእሱ ጋር እንነጋገራለን" አለኝ አለቃው። ልጆቹ ሳቁ። የድሮ ፓምፔን መልሱልኝ ስል "ቆሻሻ አናስቀምጥም፣ ጥለነዋል" አለ። ንግድ ቢሮ እከሳለሁ አልኩት። ስልኩን እየነካካ፣ ቀና ብሎም ሳያየኝ፣ "በየትኛው ደረሰኝ?" አለ። መልስ አልነበረኝም።

የተፈታውን ዕቃ በእጃችሁ ሳትቀበሉ አትክፈሉ። ካርብሬተራችሁን ከማስረከባችሁ በፊት ፎቶ አንሱት፣ ምልክት አድርጉበት። ፓምፕ እንቀይር ካሉ የካርብሬተር ነው ወይስ የኢንጄክሽን ብላችሁ ጠይቁ። ቫቱን ከፍላችሁ ደረሰኝ ያዙ። ከሁሉም በፊት የቤንዚን ፊልትሮውን አስከፍታችሁ እዩ።

መኪናዬ ባትሪዋ ተፈትቶ ግቢ ቆማለች። ጋሼ ዘይቱን ሊቀይርልኝ ቅዳሜ ይመጣል፤ እስከዚያ ፓምፕ ፈልጊ ብሎኛል።