አንኮበር ደርሶ መልስ፦ ከእናቴ ጋር

እናቴ ሰባ አራት ዓመቷ ነው። አያቴ የአንኮበር ልጅ ነበረች፤ እናቴ ግን ተወልዳ ያደገችው አዲስ አበባ ስለሆነ ያን ተራራ በወሬ እንጂ በዓይኗ አይታው አታውቅም። እኔም ከቨርጂኒያ በየሦስት አራት ዓመቱ ብቅ ስል ለቅሶ መድረሱና ዘመድ መጠየቁ ጊዜዬን ይጨርሰውና ሳልወስዳት እመለሳለሁ። በጥር 2015 ዓ.ም. ግን፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ባለው ቅዳሜ ይዣት ሄድኩ። የሄድነው አዲስ አበባ ያለ አንድ አስጎብኚ ድርጅት ባዘጋጀው የአንድ ቀን ጉዞ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ያጎደሉትን ለራሳቸው ጽፌላቸዋለሁ። ይህን የምጽፈው እናትና አባቱን ይዞ መሄድ ለሚያስብ ሰው ነው።

መጀመሪያ ስለ ዋጋው። ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ አለኝ፤ ያለ ቪዛ የገባሁትም በእሱ ነው። ድርጅቱ ግን እናቴን በብር፣ እኔን በዶላር አስከፈለን፤ የተቀመጥነው ጎን ለጎን፣ የበላነው አንድ ምግብ ነው። ልዩነቱ ኪሴን ስለጎዳው አይደለም ያዘንኩት። ገና መኪናው ውስጥ ሳልገባ እንግዳ መሆኔ ስለተነገረኝ ነው።

ቀጠሮው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነበር። እኔና እናቴ ከሩብ ጉዳይ ጀምሮ ብርድ ላይ ቆመን ጠበቅን። አራት ሰዎች ዘገዩና ሚኒባሱ የተነሳው 1 ሰዓት ከ40 ላይ ነው። ከአዲስ አበባ አንኮበር 170 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደርሶ መልሱ ሲታሰብ ጠዋት የባከነች ሰዓት ከሰዓት በኋላ ትከፈላለች። የኛም ተከፈለች፤ እመለስበታለሁ።

ሰንዳፋን አልፈን ወደ ሸኖ ስንቃረብ ድርጅቱ የመደበው አስጎብኚ ማይክሮፎኑን ያዘና ከስልኩ ላይ ማንበብ ጀመረ። «ዳግማዊ ምኒልክ አንኮበር ተወለዱ» ሲል እናቴ ከኋላ ወንበር «የለም ልጄ፣ አንጎለላ ነው» አለችው። እውነቷን ነው። ምኒልክ የተወለዱት ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ነው፤ አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበርንም አንጎለላንም መቀመጫ አድርገው ይኖሩ ነበር። ልጁ አልተቆጣም፣ አመሰገናት። እናቴ አንጎለላ ለደቂቃ እንድንቆም ብትጠይቅ ግን «በፕሮግራሙ ውስጥ የለም» አለን። ጫጫን አልፈን ሄድን።

ደብረ ብርሃን ለቁርስ ቆምን። ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቆረቆሯት ከተማ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ለሽማግሌ ጋቢና ካልሲ ያዙ። እኔ ዘንግቼ ስለነበር ከአንዲት ነጋዴ ባና ገዝቼ እናቴ ጉልበት ላይ ጣል አደረግኩላት፤ ከዚያ ጉዞ ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ እንደዚያ ደስ ያለኝ የለም።

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ ታጥፎ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል። ሜዳው ድንገት ያልቅና ገደሉ ይጀምራል። ጭላዳዎች መንገድ ዳር ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። ሾፌሩ ጠምዛዛውን ቀስ ብሎ፣ ማንንም ሳያስጨንቅ ወሰደን። ስለ እሱ ከምስጋና በቀር የምለው የለኝም።

አንኮበር ስንደርስ የአገሩ ልጅ የሆነ ሌላ አስጎብኚ ተቀበለን። ዲያቆን ነው፤ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ለጉዞው የከፈልኩት ሁሉ ለእሱ ቢሆን አይቆጨኝም ነበር። ቤተ መንግሥቱ የነበረበት ኮረብታ ቀጥ ያለ አቀበት ነው። እናቴን አየት አደረጋትና ምንም ሳይናገር ሄዶ ከአንድ ቤት ምርኩዝ ተውሶ መጣ። «እማማ፣ ይደገፉኝ፤ ተራራው የትም አይሄድም» አላት። ሌሎቹ በሃያ ደቂቃ የወጡትን እኛ በሃምሳ ደቂቃ ወጣን። በየእረፍቱ ታሪክ ሲነግራት ድካሟን ረሳችው።

እውነቱን ለመናገር ጫፍ ላይ ስንደርስ ብዙዎቹ ተጓዦች ቅር አላቸው። ጎንደርን ያየ ሰው ግንብ ይጠብቃል። እዚህ ከጥንቱ የቆመው የድንጋይና የኖራ ግድግዳ ቁራጭ ነው። ዲያቆኑ ቅሬታቸውን ከፊታቸው አነበበ። ምርኩዙን ከእናቴ ተቀበለና መሬቱ ላይ ክብ በክብ እየሳለ ኮረብታውን አጠረው። የሣህለ ሥላሴ ምሽግ ግንብ ሳይሆን ተራራው ራሱ እንደነበር፣ ዙሪያውን በወፍራም እንጨት አጥር ላይ አጥር ተደርድሮ እንደነበር፣ አዳራሹ፣ እልፍኙ፣ ግምጃ ቤቱ በውስጡ እንደነበሩ አስረዳን። እንጨት ይበሰብሳል፣ ይቃጠላል። ተራራው ግን አለ። ከዚያ ዞር ብለን ገደሉን ስናይ ጠላት በየት በኩል ሊወጣ እንደሚችል እያንዳንዳችን በዓይናችን መፈለግ ጀመርን።

ወደ ግድግዳው ስንጠጋ ነገሩ ተለወጠ። ከሩቅ ተራ ካብ የሚመስለው ነገር ከቅርብ ሲያዩት ኖራው በድንጋዮቹ መካከል ጠጠር ይዞ ደርቋል፣ ግራጫ ሽበት በላዩ ላይ በቅሏል። እናቴ መዳፏን አሳረፈችበትና ዓይኗን ጨፈነች። ከተጓዦቹ አንዱ፣ እንደኔው ከውጭ የመጣ ሰው፣ የረገፈ የኖራ ስባሪ አንስቶ ኪሱ ከተተ። ዲያቆኑ አየው። ቀስ ብሎ ጠጋ አለና «ጋሼ፣ ይመልሱልኝ፤ የቀረን ይኼው ብቻ ነው» አለው። ሰውየው መለሰ፣ ይቅርታም ጠየቀ። ያን ልጅ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከልቤ አከበርኩት።

ጉሙ ሲገለጥ በምሥራቅ በኩል ቆላው እስከ አፋር ድረስ ተዘረጋ። በጣቱ እያመለከተ አሳየን፦ ነገሥታቱ የገዛ ወንድሞቻቸውን ያሥሩበት የነበረውን የጎንቾ አቅጣጫ፣ ምኒልክ ለጣሊያን ተመራማሪዎች የሰጡትንና መሪያቸው አንቲኖሪ የተቀበረበትን ልጥ ማረፊያን፣ ከታች ደግሞ አልዩ አምባን። የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ከታጁራ ተነስቶ በዚያ ቆላ በኩል ነው የወጣው፤ በ1834 ዓ.ም. ከሣህለ ሥላሴ ጋር ውል ተዋዋለ። የታሰሩት መሳፍንት የተፈቱትም እሱ ሸዋ ሳለ ነው። አልዩ አምባ ቡናው፣ ጨውና የዝሆን ጥርሱ የሚገናኙበት የሙስሊም ነጋዴዎች ከተማ ነበረች። ከሸቀጡ ጋር ሰውም ይሸጥ እንደነበር ዲያቆኑ ሳይደብቅ ነገረን። የሚያኮራውን ብቻ መርጦ ቢነግረን ኖሮ ይህን ያህል አላምነውም ነበር።

አልዩ አምባ በፕሮግራሙ ላይ በስሟ ተጽፋ ነበር። ጠዋት በባከነው ሰዓት ምክንያት ተሰረዘች። ከላይ አይተናት ተመለስን።

ምሳው ደህና ነው፦ ሽሮ፣ ጎመን፣ ትኩስ እንጀራ። መጸዳጃ ቤቱ ንጹሕ ቢሆንም ከመመገቢያው ራቅ ይላል፤ ለአዛውንት ያስቸግራል። ለአካባቢው አስጎብኚ ከድርጅቱ የሚደርሰው ስንት እንደሆነ ስጠይቀው ፈገግ ብሎ ዝም አለ። ጉርሻውን በእጁ ሰጠሁት። እናቴ ደግሞ ግንባሩን ሳመችውና የአያቴን ስም ነገረችው፤ ለቅዱስ ሚካኤል አደራ እንደሚላት ቃል ገባላት።

ስንመለስ ጀምበር አዘቅዝቃ ነበር። አንጎለላ ስንደርስ ሾፌሩ ማንንም ሳያማክር ዳር ይዞ ቆመና በመስተዋቱ ወደ ኋላ እያየ «እማማ፣ አሥር ደቂቃ ይበቃዎታል?» አለ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወረደች። መስኩ ላይ ቆማ ሦስት ጊዜ እጅ ነሳች። የዘገዩት አራቱ ሰዎችም ወረዱ፤ አንዷ እናቴን ደግፋ አሳፈረቻት።

ለድርጅቱ ሦስት ነገር ጻፍኩ፦ በሰዓቱ ተነሱ፣ ቢጫ ካርድን አክብሩ፣ አንጎለላን በፕሮግራሙ አስገቡ። በማግስቱ መለሱልኝ። ለሚቀጥለው ጉዞ ቅናሽ እናድርግልዎ አሉ፤ ሰዓቱንም እናስተካክላለን አሉ። ቅናሹን እንደማልፈልግ፣ ገንዘቡ ለዲያቆኑ እንዲጨመርለት መልሼ ጻፍኩላቸው። ስለ አንጎለላ እስካሁን ምንም አላሉኝም። እናቴ ግን ከወዲሁ ወስናለች፤ በሚቀጥለው ስመጣ አንኮበር አድረን በማግስቱ አልዩ አምባ እንወርዳለን፣ ባናውም ለዚያ ተጣጥፎ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል።