የልጄን ጣት ምንባቡ ላይ ላሳረፉት መምህርት

ልጄ አራተኛ ክፍል ነው። ሲያነብ ብትሰሙት ያስቀናል፣ እንደ ውሃ ነው የሚወርድለት። መጽሐፉን ከድናችሁ «እሺ፣ ምን ይላል?» ስትሉት ግን ጣራ ጣራ ያያል። ፈተና ላይ «በምንባቡ መሠረት እውነት ወይም ሐሰት በል» የምትለዋን በግምት ነበር የሚሞላት። እኔ ደግሞ ሰነፍ መስሎኝ ስጮህበት ከረምኩ (አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል)።

ጎረቤቴ ናት እኚህን ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህርት የጠቆመችኝ። እዚሁ ገርጂ ናቸው፣ ልጆቹ «ቲቸር» ነው የሚሏቸው። የሚያስነብቧቸው ታሪኮች ሁሉ አንድ ሰው የሆነ ነገር ልብ ብሎ አይቶ «ለምን?» ያለባቸው ናቸው። መጀመሪያ የቡናውን አፈ ታሪክ አወጡለት። ፍየሎቹ ፍሬዋን በልተው መዝለል ሲጀምሩ አስቆሙትና «እረኛው አሁን ምን የሚጠረጥር ይመስልሃል?» አሉት። ሲመልስላቸው ደግሞ «ከየት አመጣኸው? ጣትህን አስቀምጥበት»። ሥራውን የሠራችው ይቺ የጣት ነገር ትመስለኛለች፣ ምክንያቱም መልሱ አንዳንዴ አንድ መስመር ላይ አይገኝም፣ ሁለት ቦታ ጣቱን አሳርፎ ራሱ ማገጣጠም አለበት።

ቀጥሎ ድንቅነሽ መጣች። በኅዳር 1967 ዓ.ም. አሜሪካዊው ተመራማሪ ዶናልድ ጆሃንሰን አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ቅሪተ አካል ሲፈልግ ውሎ ወደ መኪናው ሊመለስ ሲል፣ መሬት ላይ አንዲት የክርን አጥንት ቁራጭ ዓይኑ ውስጥ ገባች። በቃ፣ ልጄ ሳምንቱን ሙሉ ስለ አጥንት ብቻ አወራ። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ስወስደው፣ ለዕይታ የተቀመጠው ቅጂ መሆኑን ምንባቡ ላይ አንብቦ ኖሮ «ዋናዋስ የት ናት?» ብሎ አስጎብኚውን አፋጠጠው። ያነበበውን ይዞ ሲጠይቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ የትምህርት ቤት የቤት ሥራ አያሠሩም። የሳቸው የቤት ሥራ «ጉንዳን አሥር ደቂቃ አይተህ አምስት ጥያቄ ጽፈህ ና» ዓይነት ነው። ስልክ ይዞ የገባ ልጅም አይወዱም።

አሁን ክፍት ያላቸው ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ነው፣ ከአራት ልጅ በላይ ባንዴ አይቀበሉም። ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም፣ የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ።

ቲቸር፣ ፌስቡክ እንደማይከፍቱ አውቃለሁ፣ ልጄ መጥቶ ያነብልዎታል። «ከየት አመጣኸው» እንዳይሉት ብቻ።