ዘ ካምፔይን ትሬይል፦ የ1968ቱን ምርጫ ለሃምፍሬይ ለመመለስ የሞከርኩበት ጨዋታ

«ዘ ካምፔይን ትሬይል» በኢንተርኔት ማሰሻ ላይ ያለ ክፍያ የሚሠራ፣ በአመዛኙ በጽሑፍ ላይ የተመሠረተ ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ ከአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫዎች አንዱን ይመርጣል፣ በአንዱ ዕጩ ቦታ ይቆማል፣ ምክትሉን ይሰይማል፣ ከዚያም የዘመቻ ጥያቄዎችን እየመለሰ እስከ ቆጠራው ሌሊት ይዘልቃል። ካየኋቸው ምርጫዎች መካከል ደጋግሜ የተመለስኩበት የ1968ቱ ነው (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

በዚያ ዓመት ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ዳግም እንደማይወዳደር በመጋቢት መጨረሻ አስታወቀ፤ ለዕጩነት ይወዳደር የነበረው ሴናተር ሮበርት ኬኔዲ በሰኔ ተገደለ፤ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ሂውበርት ሃምፍሬይም በነሐሴ የፓርቲውን፣ የዴሞክራቶችን፣ ዕጩነት ያገኘው የቺካጎ ፖሊስ በከተማዋ ጎዳና ላይ ሰልፈኞችን በደበደበበት ሌሊት ነበር። በሃምፍሬይ ቦታ ለሚጫወት ሰው ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ቬትናም ነው፤ ምክትሉ አድርጎ ለመረጠው ፕሬዚዳንት ታማኝ ሆኖ ይቀጥል ወይስ ከጦርነቱ ይለይ? እውነተኛው ሃምፍሬይ በሶልት ሌክ ሲቲ ንግግሩ በሰሜን ቬትናም ላይ ይካሄድ የነበረውን የቦምብ ድብደባ ለማቆም ፈቃደኛ መሆኑን የገለጸው መስከረም 30 ቀን፣ ምርጫው አምስት ሳምንት ያህል ሲቀረው ነው። የጨዋታው ትልቁ ብቃት የእያንዳንዱን መልስ ውጤት በየግዛቱ ለይቶ ማስላቱ ነው፤ በአንዱ አካባቢ ድምፅ የሚያመጣው ቃል በሌላው ያስቀንሳል፣ ተጫዋቹም የዕጩው ማመንታት ከየት እንደመጣ በራሱ ላይ ያየዋል።

የሪፐብሊካኑ ዕጩ ሪቻርድ ኒክሰን በእውነተኛው ምርጫ 301 የኤሌክቶራል ኮሌጅ ድምፅ (ለየግዛቱ የተመደበ፣ ፕሬዚዳንቱን የሚወስን ድምፅ) አገኘ፤ ሃምፍሬይ 191፣ ሦስተኛው ዕጩ ጆርጅ ዋላስ ደግሞ 46። በሕዝብ ድምፅ በሁለቱ መሪዎች መካከል የነበረው ልዩነት ከ1 በመቶ ያነሰ ነበር። 40 ድምፅ የነበራት ካሊፎርኒያ ብቻ ወደ ሃምፍሬይ ብትዞር ኖሮ ኒክሰን 261 ላይ ይቆም ነበር፤ ለማሸነፍ የሚያስፈልገው 270 ስለሆነ ጉዳዩ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ይሄዳል፣ በዚያም እያንዳንዱ ግዛት አንድ ድምፅ ብቻ ይኖረዋል። የዘር መለያየት አቀንቃኝ የነበረውን ዋላስን መርጦ መጫወትም ይቻላል። የእርሱን መልሶች ማንበብ ለእኔ ከባድ ነበር፤ ሆኖም የዚያ ዓመት ስሌት ያለ እርሱ አይገባም።

ቅር ያሰኘኝ የታሪኩ አጨራረስ ነው። ካርታው ቀለሙን ከለወጠ በኋላ የሚቀርበው አጭር ጽሑፍ ብቻ ነው፤ በፓሪስ ተጀምሮ የነበረውን የቬትናም የሰላም ድርድር ፕሬዚዳንት ሃምፍሬይ እንዴት ይመራው እንደነበር ማወቅ የሚፈልግ ሰው መልስ አያገኝም። ሌላው ጉድለት የመልሶቹ ክብደት አስቀድሞ የተወሰነ መሆኑ ነው፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ሙከራ ተጫዋቹ ፖለቲካውን ማሰቡን ትቶ የሚያዋጡትን መልሶች በቃሉ ይይዛል።

ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩት ከሆነ ከእያንዳንዱ መልስ በኋላ የሚመጣውን የአማካሪ አስተያየት አጥፉት። ያን ጊዜ የቬትናም ጥያቄ ሲመጣ ሃምፍሬይ በዚያ መስከረም እንደነበረው ውጤቱን ሳታውቁ ትመልሳላችሁ።