«የቴራኸርዝ ድንጋይ» ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ገንዘባችሁን ያዙ

ሰሞኑን ብርማ ቀለም ያለው አምባርና ሐብል «ቴራኸርዝ» እየተባለ ይሸጣል። ለወገብ፣ ለደም ግፊት፣ ለስኳር፤ የማይፈውሰው በሽታ የለም አሉ! ሻጯ እኛ ቤት የመጣችው በረዶ ይዛ ነው። ድንጋዩን ስታስነካው በረዶው እንደ ቅቤ ተቆረጠ፤ እናቴም ቦርሳዋን ልታነሳ ተነሳች።

ወገኖቼ፣ ይህ «ማዕድን» አብዛኛውን ጊዜ ፋብሪካ የሠራው ሲሊከን ነው፤ የኮምፒውተር ቺፕ የሚሠራበት ቁስ። ሲሊከን ሙቀትን ከመስታወት በመቶ እጥፍ ገደማ የተሻለ ያስተላልፋል። በረዶውን የሚያቀልጠው ከጣታችሁና ከክፍሉ አየር የወሰደው ሙቀት ነው። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ የአሉሚኒየም ድስት ገልብጡና አንድ በረዶ አስቀምጡበት፣ ሌላውን መክተፊያ ላይ። ድስቱ ላይ ያለው ቀድሞ ውሃ ይሆናል። አሉሚኒየም በዚህ ረገድ ሲሊከንን ይበልጠዋል፤ ድስቱን ግን ማንም «ፈዋሽ» ብሎ አይሸጥላችሁም።

ቴራኸርዝ ራሱ እውነት ነው። በሰከንድ ትሪሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ፣ በማይክሮዌቭና በኢንፍራሬድ መካከል ያለ ሞገድ ነው። ሞቃት አካል ሁሉ በመጠኑ ያመነጨዋል፣ መዳፋችሁም ጭምር። ውሃ ስለሚውጠው ቆዳ ውስጥ አንድ ሚሊሜትር እንኳ ዘልቆ አይገባም። ታዲያ ኩላሊት ጋ እንዴት ይደርሳል?

ሻጯ «ሳይንሳዊ ማስረጃ» ብላ ያሳየችን ወረቀት ስለ ማግኔታዊ ቶፖሎጂካል ከፊል ብረቶች፣ ማለትም ኤሌክትሮኖች ለየት ባለ መንገድ ስለሚንቀሳቀሱባቸው ማግኔታዊ ቁሶች የሚያወራ ነበር። ይህ ዘርፍ ትልቅ ቁም ነገር አለው። በ2020 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች ከማንጋኒዝና ከቲን (ቆርቆሮ) በተሠራ፣ ውፍረቱ በናኖሜትር በሚለካ ስስ ሽፋን ውስጥ የቴራኸርዝ ሞገድ አሳልፈው የሞገዱ የመርገብገቢያ አቅጣጫ ሲዞር ለክተዋል። የዞረው ከአንድ ዲግሪ በታች ነው፤ ያንንም ለማየት እጅግ አጫጭር ምት ያለው ሌዘር ያስፈልጋል። የሚጠቅመው ወደፊት ለፈጣን የመረጃ ማከማቻ ይሆናል። ጥናቱ ስለ ሕመም አንድ ቃል የለውም፣ ሽፋኑም ሲሊከን አይደለም።

ከዋጋው በላይ ያናደደኝ ሌላ ነው፦ «ይህን ካደረግሽ ኪኒኑን መቀነስ ትችያለሽ» ማለቷ። የግፊትም ሆነ የስኳር መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትቀንሱ። ሦስት ሰው ካመጣችሁ በነፃ ይሰጣችኋል የምትለውንም አትስሟት፤ ዘመድ ከዘመድ የሚያጣላው ይሄ ነው።

የከፈላችሁ ካላችሁ ደረሰኝ ጠይቁ፣ የተባለላችሁን ፈውስ በጽሑፍ ወይም በድምፅ አስቀሩ። አሳሳች ማስታወቂያ በሸማቾች ጥበቃ ሕግ የተከለከለ ስለሆነ ለንግድ ቢሮ አቤት ማለት ትችላላችሁ።