ጎንደር ለጉዳይ ለምትመጡ፦ የመሥሪያ ቤቶቹ አየር

ከውጭ መጥቶ ጎንደር ላይ ውክልና፣ ግብር ወይም የይዞታ ጉዳይ የሚያስጨርስ ሰው ግማሽ ቀኑ የሚያልቀው ወረፋ ላይ ነው። ስለዚህ ከፋይሉ ፍጥነት እኩል ወረፋው ላይ የሚተነፈሰውም አየር ይመዘን።

ክፍሎቹ ውስጥ ነገሩ ደህና ነው፤ ጠረጴዛ ላይ መተርኮሻ አይታይም፣ ባለጉዳይ ፊትም የሚያጨስ የለም። ችግሩ በሩ ላይ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሥራና በሕዝብ መገልገያ ቦታዎች ውስጥ ማጨስን ከመከልከሉም በላይ ከበር፣ ከመስኮትና ከአየር ማስገቢያ 10 ሜትር መራቅን ያዛል። ይህ በአዋቂ እርምጃ 13 ወይም 14 ነው። አንድ ባለ ፎቅ መሥሪያ ቤት ግን አሸዋ የተሞላ የቀለም ቆርቆሮ ከመግቢያው ሦስት እርምጃ ላይ አስቀምጧል። በላዩ «ማጨስ ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። አጫሹ የሚታዘዘው ለቆርቆሮው ነው።

ጠዋት ጠዋት ሰው የሞላው ቤት ከውጭው ይሞቃል። የሞቀው አየር በደረጃው ወደ ላይ ሲወጣ ከታች፣ በበሩ በኩል፣ ሌላ አየር ይስባል። ታች የተለኮሰው ሲጋራ ላይኛው ፎቅ አግዳሚ ላይ ልጅ ታቅፋ ተራ የምትጠብቀውን እናት የሚያስላት በዚህ ምክንያት ነው። ግድግዳቸው ወፍራም በሆኑት የድሮ ቤቶች ቀትር ላይ ነገሩ ይገለበጣል፦ ውስጡ ከውጭው ስለሚቀዘቅዝ ከላይ በረንዳ የተጨሰው ወደ ታች ይወርዳል። ማራገቢያ መትከል ከንቱ ወጪ ነው፤ ጭሱን ያዞረዋል እንጂ አያወጣውም።

ማስተካከያው ብር አይጠይቅም። ቆርቆሮው ከግቢው ይውጣ። «ማጨስ ክልክል ነው» የሚል ወረቀትም ኮሪደር ውስጥ ሳይሆን ሲጋራ ከሚለኮስበት ቦታ፣ ከውጭ በኩል ይለጠፍ። ወረፋው መስኮት ሥር ከሆነ መስመሩ ይዛወር። የጥበቃ ሠራተኞች ፍተሻው ላይ «ሲጋራ አጥፍተው ይግቡ» ማለታቸው ብቻውን ሰውን ሲጋራውን በሩ ሥር ያስጨርሰዋል፤ መባል ያለበት «እዚያ ማዶ ጨርሰው ይምጡ» ነው። በፍሬ ሲጋራ የሚያዞሩት ሱቅ በደረቴዎችም በር ላይ ባይቆሙ ይመረጣል፤ በፍሬ መሸጡ ራሱ በአዋጁ የተከለከለ ነው።

አስም ያለበት ሰው ደረጃው ሥር አይጠብቅ፤ ከበሩ የራቀ፣ መስኮቱ የተከፈተ ክፍል ይፈልግ። ቅሬታ ካለ ከአለቃው በፊት ለጥበቃው መንገር ይፈጥናል። «ጋሼ፣ ይቺን ቆርቆሮ ወደ ውጭ ብናወጣት?» ማለት ይበቃል።